ለከብት መኖ ስለሚዘራ እህል፤ ስለ ማዳበሪያውና ስለ አረሙ የተሰጠ ትምህርት

ለሰው ምግብ የሚሆነውን እህል መሬቱን አለስልሶ መዝራት፤ አረሙን መንቀልና በጊዜው ማጨድ የኢትዮጵያ ገበሬ ከአባቱና ከአያቱ የተማረው ሥራ ነው። ለከብት የሚሆነው ምግብ ግን ብዙ ጊዜ ክረምቱ በሜዳ ላይ ካበቀለው ሣርና ከአውድማ ከተረፈው ገለባ በቀር ሌላ የሚታሰብለት የለም። ስለዚህ በመስከረም ወር ሆዱ የሞላ ከብት በመጋቢት ወር የጎን አጥንቱ ይቈጠራል፤ ላሚቱ ወተቷን ታቋርጣለች፤ በሬውም ለእርሻ በሚፈለግበት ወራት ቀንበር ለመሸከም ኃይል ያጣል። ይህን ችግር ለማራቅ ከሁሉ የሚቀርበው መንገድ ለከብት ተብሎ የሚዘራውን እህል፤ ይኸውም አጃን፤ ገብስን፤ ማሽላንና በቆሎን፤ እንደዚሁም ከእህሉ ጋር ተደባልቆ የሚዘራውን ቬች የተባለውን የጥራጥሬ ወገን በሥርዓት ማብቀል ነው። የመኖ እህል የሚዘራ ሰው ሁለት ነገር ጠንቅቆ ማወቅ አለበት፤ አንደኛው መሬቱን ማዳበር፤ ሁለተኛው አረሙን ማሸነፍ ነው። ሁለቱም እርስ በርሳቸው የተያያዙ ስለ ሆኑ በአንድነት ይነገራሉ።

፩፤ ስለ ጉለሌና ስለ አካባቢው መሬት

ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመ ነው። በከተማዪቱ ሰሜናዊ ምዕራብ፤ በእንጦጦ ተራራ ተረተር ላይ ወደ 700 ሔክታር የሚሆን መሬት የያዘ ሲሆን፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ሥራው የአገሩን ዕፅዋት ሰብስቦ ማጥናት፤ መጠበቅና ማስተማር ነው። ተራራውን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ሲሸፍነው የኖረውን ባሕር ዛፍም ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ እየተካ ይገኛል።

ከዚህ ተረተር ወዲያ ማዶ በሰሜን በኩል በድርቆሹ የታወቀው የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ ከዚያም ወዲያ የሰላሌ አገር አለ። አጃ በእነዚህ አገሮች ለከብትም ለሰውም ይዘራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ የእርሻ ምርምር ተቋም በ1958 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ለደጋ አገር የሚስማማው የመኖ አጃና ቬች በብዛት የተፈተነው በዚያ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠቅመው እንደ እንጦጦ ዙሪያ ላለ ደጋ ነው፤ ወይናደጋውና ቆላው ግን ማሽላውንና በቆሎውን በሚመለከት ከነገሩ ድርሻውን ይወስዳል።

የዚህ ደጋ መሬት ሁለት ዓይነት ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውሃን ቶሎ ያሳልፋል፤ ነገር ግን ዝናቡ ለብዙ ዘመን ስላጠበው በብዙ ስፍራ ኮምጣጣ ሆኗል። በኮምጣጣ አፈር ውስጥ ፎስፎር የተባለው የተክል ምግብ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል እንጂ ለሥሩ አይደርስም። በሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ ደግሞ ውሃ ያቁራል። አጃ ከገብስ ይልቅ ኮምጣጣ አፈርን ይታገሣል። ቢሆንም ቀዩን መሬት በኖራ ማከም፤ ጥቁሩን መሬት ሰፊ መደብ አውጥቶ ማጠንፈፍ ከማዳበሪያ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ይህ ሳይደረግ የሚጨመር ማዳበሪያ ቀዳዳ ባለው ስልቻ እንደ ተቋጠረ እህል ነው።

፪፤ የመኖ እህል ከመሬት ስለሚወስደው ምግብ

ብዙ ሰው የመኖ እህል እስኪጎመራ የማይጠበቅ ስለ ሆነ መሬትን የማያደክም ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለሰው ምግብ የሚዘራ እህል ሲታጨድ ቃርሚያውና ሥሩ በመሬቱ ላይ ይቀራል፤ የመኖ እህል ግን ግንዱም ቅጠሉም ዛላውም ሁሉ ታጭዶ ይሄዳል።

በቍጥር ለመረዳት እንዲመች አንድ ሔክታር መሬት፤ ማለት አራት ጥማድ ያህል፤ በደህና ተይዞ 80 ኩንታል የደረቀ የአጃ መኖ ቢሰጥ፤ በመኖውም ውስጥ ከመቶ 8 እጅ ፕሮቲን ቢኖር፤ ከመሬቱ የወጣው ናይትሮጅን ከ100 ኪሎ በላይ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ብቻ ስላለው፤ በአንድ አጨዳ የሄደው ከሁለት ኩንታል ዩሪያ ጋር ይተካከላል። ፎስፎሩና ፖታሹም ከዚሁ ጋር ይሄዳሉ። እንግዲህ በየዓመቱ የሚያጭድና ምንም የማይመልስ ሰው ከጎተራው እያወጣ ጨምሮ እንደማያውቅ ሰው ነው፤ ጎተራው ባዶ የሚሆንበትን ቀን አያውቀውም እንጂ ቀኑ አይቀርም።

ዳሩ ግን የመኖ እህል ከሌላው እህል የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ። ከብት ከሚበላው ናይትሮጅን ውስጥ በሥጋና በወተት ሆኖ የሚቀረው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል በእበትና በሽንት ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ከመሬቱ የሄደው ምግብ አብዛኛው ገና በባለቤቱ ደጅ አለ። ወደ መሬቱ መመለሱና አለመመለሱ በባለቤቱ እጅ ነው።

፫፤ ስለ ፍግ

በደጋ አገር ፍጉ ወደ እርሻ ከመመለስ ይልቅ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይገባል። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ በአመድ ውስጥ የሚቀረው ፎስፎርና ፖታሹ ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ በደጅ ይደፋል። በዚህ ምክንያት ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ እንጨት የሌለው ቤት በኩበት ካልሆነ በምን እንጀራ ይጋግራል? መድኃኒቱ ማገዶን በሌላ መንገድ ማስገኘት ነው። በእርሻው ዳርና በገደላ ገደሉ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ የተከለ ሰው ለምድጃው እንጨት፤ ለማሳውም ፍግ አገኘ ማለት ነው። የጉለሌ ተረተር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ በአዲስ አበባ መመሥረቻ ዘመን ከተማዪቱን ከማገዶ ችግር ያወጣት የተተከለ ዛፍ ነበር። ዛሬ ለተከላ አገር በቀሉ ዛፍና የመኖ ቅጠል የሚሰጠው ቍጥቋጦ ቢመረጥ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል።

የፍግ አያያዝ እንዲህ ነው። ከበረት የወጣው እበት፤ ከሽንት ጋር የራሰው ጉዝጓዝና ከብት የተወው ድርቆሽ በአንድነት ከዝናብና ከፀሐይ በተከለለ ስፍራ ይከመራል። ክምሩ እንዲግል በመጠኑ ማራስና በየሦስት ሳምንቱ ማገላበጥ ያስፈልጋል። ይህ ሙቀት ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፤ ፍጉን ያበሰብሰዋል። ሁለተኛ፤ በከብቱ ሆድ አልፈው ያልሞቱትን የአረም ዘሮች ይገድላል። በውስጡ እጅ ማኖር እስከማያስችል ድረስ፤ ማለት ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ያህል የጋለ ክምር ብዙውን የአረም ዘር ያጠፋል። እርጥብ እበት እንደ ወጣ ወደ ማሳ የሚያወጣ ሰው ግን አረምን በገዛ እጁ ይዘራል።

በ100 ኪሎ ደረቅ ፍግ ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጅን ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው። በአንድ ሔክታር 50 ኩንታል የተብላላ ደረቅ ፍግ ቢበተን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ናይትሮጅን ገባ ማለት ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ለተክሉ የሚደርሰው ከፊሉ ብቻ ሲሆን የቀረው በሚከተሉት ዓመታት ቀስ እያለ ይደርሳል። ፍጉ ከመዘራቱ በፊት ተበትኖ በዚያው ቀን በማረሻ መገልበጥ አለበት፤ በፀሐይ ላይ ተበትኖ የዋለ ፍግ ከኃይሉ ብዙውን ያጣል።

በአንዳንድ የሸዋ ደጋ ስፍራ አፈርን ከምሮ የማጋየት ልማድ ነበር። የጋየው መሬት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት መልካም ገብስ ይሰጣል፤ አረሙም ይቀንሳል፤ ምክንያቱም እሳቱ በአፈሩ የታሰረውን ምግብ ይፈታል፤ የአረሙንም ዘር ያቃጥላል። ከዚያ በኋላ ግን ብስባሹ አብሮ ስለ ነደደ መሬቱ ለብዙ ዓመት ጦም እንዲያድር ግድ ይሆናል። ሰው በበዛበትና መሬት በጠበበበት ዘመን ይህ ልማድ አይመከርም።

፬፤ ከፋብሪካ ስለሚመጣው ማዳበሪያ

ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ማዳበሪያ የመሥራት ጥበብ በጀርመን አገር በፋብሪካ የተጀመረው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1913 ነው። በኢትዮጵያ ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በገበሬው ዘንድ የታወቁት ዳፕና ዩሪያ ናቸው። በኋላ ግን በዳፕ ፈንታ ኤን ፒ ኤስ የተባለው መጣ፤ ይህም በ100 ኪሎ ውስጥ 19 ኪሎ ናይትሮጅን፤ 38 ኪሎ የፎስፎር ውሑድና 7 ኪሎ ድኝ ይዟል።

ለመኖ አጃ በደጋ አገር የተለመደው መጠን በአንድ ሔክታር 100 ኪሎ የፎስፎር ማዳበሪያ በዘሩ ቀን መስጠት ነው። ዩሪያው ግን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሰጥም። በዘር ጊዜ የተበተነ ዩሪያ ታናሹ ቡቃያ ሊጠጣው ሳይችል የሐምሌ ጎርፍ ይወስደዋል። ስለዚህ አጃው ከአንድ ሥር ብዙ ቡቃያ ማውጣት ሲጀምር፤ ማለት ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ቀን ባለው ጊዜ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ የሚሆነው ዩሪያ እንደ መሬቱ ሁኔታ ይበተናል። በሚበተንበት ሰዓት አፈሩ እርጥብ፤ ቅጠሉ ደረቅ ይሁን። ውሃ ባቆረ ማሳ ላይ ወይም ከባድ ዝናብ በሚያሠጋበት ቀን መበተን ገንዘብን በወንዝ እንደ መጣል ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛው፤ ሳይታረም ዩሪያ አይበተንም። አረም ከእህል ይልቅ ፈጣን ነው፤ ማዳበሪያውን ቀድሞ የሚጠጣ እርሱ ነው። ባልታረመ ማሳ ላይ ዩሪያ የበተነ ሰው በገንዘቡ አረሙን ቀለበ። ስለዚህ ሥርዓቱ መጀመሪያ ማረም፤ ቀጥሎ ማዳበር ነው። ሁለተኛው፤ አጃ ከቬች ጋር ተደባልቆ ሲዘራ ዩሪያው መቀነስ አለበት። ቬች በሥሩ ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል፤ እባጩ ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀላ ያለ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። ዩሪያ ከበዛ አጃው ብቻውን ይገንንና ቬቹን በጥላው ይገድለዋል፤ ከመኖውም ፕሮቲኑ ይጎድላል። ቬቹ የሚፈልገው ፎስፎር ነው።

ከማሳ ታጥቦ የሄደ ማዳበሪያም ጠፍቶ አይቀርም። ከእንጦጦ ሥር የሚነሡት ወንዞች ወደ አቃቂ ወርደው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ በዚያም ውሃው ላይ እምቦጭ የተባለው አረም ተንሰራፍቶ ታይቷል። ውሃውን ያበላሸው ከሁሉ ይልቅ የከተማው ፍሳሽ ቢሆንም፤ ከየማሳው የሚታጠበው ማዳበሪያ ለዚህ ዓይነቱ አረም ምግብ ይሆናል። ስለዚህ በተዳፋት ላይ የሚያርስ ሰው ትልሙን አግድም ያውጣ፤ በማሳውና በወንዙ መካከልም የሣር ድንበር ይተው።

፭፤ አረሞችን ለይቶ ስለ ማወቅ

አረምን ለማሸነፍ አስቀድሞ በስሙና በመልኩ ማወቅ ያስፈልጋል። በደጋ የመኖ እህል ውስጥ ከሚገኙት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

ስናር። ይህ የአጃ ዱር ዘመድ ነው። በቡቃያነቱ ከአጃ ሊለዩት አስቸጋሪ ነው፤ በዘሩ ግን ይታወቃል፤ ጠቆር ያለ፤ ጠጉር ያለውና ጢሙ በመካከሉ የተሰበረ ነው። ከሁሉ የከፋው ጠባዩ ከእህሉ ቀድሞ ደርሶ ዘሩን በመሬት ላይ ማርገፉ ነው። የረገፈውም ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል። በአንዳንድ ስፍራ በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ የአገር አጃ አለ፤ እርሱ ዘሩን ስለማያረግፍ ከገብስ ጋር ታጭዶ ይወቃል፤ ሁለቱን መለየት ይገባል።

ሙጃ። በሐምሌና በነሐሴ ፈጥኖ የሚንሰራፋ ሣር ነው። ገና ለጋ ሳለ ከብት ይበላዋል፤ ነገር ግን ቀድሞ ከተነሣ ቡቃያውን ያፍናል።

እንክርዳድ። ስንዴና ገብስ የሚመስል ሣር ሲሆን በዘሩ ውስጥ በሚያድር ሻጋታ ምክንያት መርዝ አለበት። ከእህል ጋር ተፈጭቶ ሲበላ ሰውን ራስ ያዞራል፤ ከብትንም ይጎዳል። ስለዚህ ዘሩ ሳይቋጠር መነቀል አለበት።

መጭ። ቅጠለ ሰፊና ቢጫ አበባ ያለው የኑግ ዘመድ ነው። አስተናግር። ከብትን የሚመርዝ ነው፤ በድርቆሽ ውስጥ አንድ እንኳ እንዳይገኝ ተጠንቅቆ ከነሥሩ ማውጣት ይገባል። አቀንጭራ። በቆላና በወይናደጋ በማሽላና በበቆሎ ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን የሚመጠምጥ ነው፤ አበባው ሳይፈካ ካልተነቀለ አንዱ እግር እጅግ ብዙ ደቃቅ ዘር ይበትናል። ለምነቱ ባለቀ መሬት ላይ ስለሚበረታ ፍግና ዩሪያ ኃይሉን ያደክሙታል።

በማሳ ውስጥ ሳይዘራ የበቀለ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። ማጌት የተባለው የአገሩ ተክል ከሦስት ሦስት ቅጠሉ የሚታወቅ የጥራጥሬ ወገን ነው፤ መሬቱን ያዳብራል፤ ከብትም ይወደዋል። በኢትዮጵያ ወደ 28 የሚሆን የማጌት ወገን ሲገኝ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይበቅሉም። ለስንዴ ማሳ አረም የሆነው ለመኖ ማሳ በረከት ሊሆን ይችላል። እንደ ጉለሌ ያለ የእጽዋት ማዕከል ለእርሻ ሹማምንት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው፤ ተክልን በስሙ አውቆ የሚነቀለውን ከሚጠበቀው መለየት።

፮፤ አረምን ያለ መድኃኒት ስለ ማጥፋት

አንደኛ፤ ንጹሕ ዘር። በአንድ እፍኝ ዘር ውስጥ የተገኘ አምስት የስናር ፍሬ ቀላል ይመስላል፤ በሔክታር ግን ከ80 እስከ 100 ኪሎ አጃ ስለሚዘራ ፍሬው በሺህ ይቈጠራል። ዘሩ በወንፊትና በሰፌድ ተለይቶ፤ ቀጥሎ በእጅ ተለቅሞ ይዘራ። ከቬች ጋር በሚደባለቅበት ጊዜ ከ70 እስከ 80 ኪሎ አጃ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ቬች ጋር ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ቀድሞ ማረስ። በበልጉ ዝናብ ጊዜ መሬቱ ተገምሶ ቢተው አረሙ ይበቅላል፤ የበቀለው ተመልሶ በማረሻ ሲገለበጥ ይሞታል፤ ፍግም ይሆናል። ይህ ሁለት ጊዜ ከተደረገ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ የሚዘራው አጃ ንጹሕ መሬት ያገኛል።

ሦስተኛ፤ በመስመር መዝራት። በ20 ወይም በ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት በመስመር የተዘራ እህል በመካከሉ ለመኰትኰት ይመቻል፤ በመስመሩ ያልበቀለውም ሁሉ አረም መሆኑ ይታወቃል፤ ስናርም በዚህ መንገድ ይጋለጣል።

አራተኛ፤ በጊዜው ማረም። አረም እህልን የሚጎዳው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። የመጀመሪያው አረማ ከ25 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይፈጸም፤ ከዚያ በኋላ ዩሪያው ይበተን። ጥቅጥቅ ብሎ ያደገ የመኖ አጃ ከዚህ ወዲያ አረሙን በራሱ ጥላ ያፍነዋል።

፯፤ ስለ አረም ማጥፊያ መድኃኒት

ሁለት አራት ዲ የተባለው መድኃኒት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ወዲህ በዓለም የተሠራጨ ነው፤ ቅጠለ ሰፊውን አረም ይገድላል፤ ሣርና እህልን ይተዋል። ቬችም ቅጠለ ሰፊ ስለ ሆነ ከአረሙ ጋር ይሞታል። ስለዚህ አጃና ቬች ተደባልቆ በተዘራበት ማሳ ይህ መድኃኒት ፈጽሞ አይረጭም። በነፋስ ቀን ከተረጨም ወደ ጎረቤት ባቄላ፤ አተርና ኑግ ተሻግሮ ጠብን ያመጣል። አጃ ብቻውን በተዘራበት ማሳ እንኳ ቢሆን አጃ ከስንዴና ከገብስ ይልቅ መድኃኒቱን የሚፈራ ስለ ሆነ በመለያው ወረቀት ከተጻፈው መጠን ማለፍ አይገባም፤ ጊዜውም እህሉ ቡቃያ ካበዛ በኋላ፤ አንጓ ከመሥራቱ በፊት ነው።

ለስናር ማጥፊያ ተብለው ለስንዴ የተሠሩ እንደ ፓላስና ቶፒክ ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ አጃን ከስናር አይለዩም፤ ሁለቱንም ይገድላሉ። ለስንዴ የተገዛውን መድኃኒት ለአጃ የረጨ ሰው ማሳውን ያጣል። መድኃኒት የተረጨበትንም ማሳ በመለያው ላይ የታዘዘው ቀን ሳይፈጸም አጭዶ ለላም መስጠት ክልክል ነው፤ የበላችው መርዝ ወደ ወተቷ ሊገባ ይችላልና። አበባ በፈካበት ጊዜ የሚረጭም ንብን ይፈጃል።

፰፤ ስለ አጨዳ ጊዜ

ከዚህ ቀደም ከተነገረው ሁሉ ይልቅ አረምን የሚያሸንፈው አጨዳው ነው። ስንዴ የሚዘራ ሰው እህሉ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ አለበት፤ እርሱ ሲጠብቅ ስናር ዘሩን አርግፎ ይጨርሳል። የመኖ እህል ግን ገና አበባ ሲያወጣ ወይም ሲያሸት ይታጨዳል። በሐምሌ መጀመሪያ የተዘራ አጃ በጥቅምት ወር ለዚህ ይደርሳል፤ ያ ጊዜ ዝናቡ ያባራበትና ድርቆሽ ለማድረቅ የሚመችበት ነው። በዚህ ሰዓት የታጨደ ማሳ ስናሩም እንክርዳዱም ዘሩን ሳይጥል አብሮ ይታጨዳል። አንድ ማሳ ሁለት ሦስት ዓመት በተከታታይ እንዲህ ከታጨደ በአፈር ውስጥ የተኛው የስናር ዘር እየበቀለ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለዚህ ስናር ያስቸገረው የስንዴ ወይም የገብስ ማሳ ለጥቂት ዓመታት ለመኖ ቢውል ባለቤቱ ከብቱን እየቀለበ መሬቱን ያነጻል። ቬቹም ለሚከተለው ስንዴ ናይትሮጅን ይተውለታል። አጨዳውን «ትንሽ ይጨምር» እያለ የሚያዘገይ ሰው ግን ይህን ሁሉ ጥቅም ያጣል፤ ግንዱ ይጠነክራል፤ ፕሮቲኑ ይቀንሳል፤ ስናሩም ይዘራል።

ክብደቱ 250 ኪሎ የሆነች የአገር ላም በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ትበላለች፤ በስድስቱ የበጋ ወራት 11 ኩንታል ያህል ይሆናል። እንግዲህ 80 ኩንታል የሰጠ አንድ ሔክታር ሰባት ላሞችን ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያሻግራል ማለት ነው።

፱፤ ከብትን ከማዳበሪያ ጉዳት ስለ መጠበቅ

ማዳበሪያ ሲበዛ ከብትን እንደሚገድል ብዙ ሰው አያውቅም። አጃ፤ በቆሎና ማሽላ ዩሪያ በዝቶላቸው ዝናብ ድንገት ቢቋረጥ፤ የጠጡትን ናይትሮጅን ወደ ፕሮቲን ሳይለውጡት ናይትሬት ሆኖ በግንዳቸው ይከማቻል። ይህን መኖ የበላ ከብት ደሙ ነፋስ መሸከም ይሳነዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ይንገዳገዳል፤ ደሙም እንደ ቡና ይጠቁራል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም ሊሞት ይችላል። ድርቆሽ ማድረግ ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ ድርቅ ባገኘው ማሳ ላይ ዩሪያ መጨመር አይገባም፤ ከግንዱ ሥር ከፍ አድርጎ ማጨድ፤ ለተራበ ከብትም ብቻውን አለመስጠት፤ ከገለባ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ጥቂት ማስለመድ ይገባል። ለጋ ማሽላም ሌላ መርዝ አለበት፤ ከጉልበት በታች ሳለ ወይም በውርጭና በድርቅ ጠውልጎ ሳለ ከብት እንዳይገባበት ይከልከል። ምልክቱ የታየበት ከብት ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ይነገርለት።

፲፤ የሹማምንትና የባለይዞታዎች ተግባር

ገበሬ ብቻውን ሊፈጽመው የማይችል፤ ሹም ግን በትእዛዝና በምክር ሊያደርገው የሚቻለው ሥራ አለ።

፩ኛ፤ ማዳበሪያ ከሰኔ በፊት በየቀበሌው መድረሱን መከታተል። ጊዜው ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ዕዳ ነው እንጂ ረድኤት አይደለም።

፪ኛ፤ በመንገድ ዳር፤ በመስኖ ቦይና በድንበር ላይ ያለው አረም ዘር ሳይቋጥር እንዲታጨድ ማድረግ። አንዱ ማሳውን አንጽቶ ጎረቤቱ ቢተወው ድካሙ ከንቱ ነው።

፫ኛ፤ ከአገር ወደ አገር የሚጓዘውን ድርቆሽና ዘር መመርመር። ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ድርቆሽ ወተትን ያመጣል፤ ከሩቅ አገር የሚመጣው ግን ቅንጭ አረም የመሰለውን እንግዳ ጠላት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ይህንንም አረም የበላች ላም ወተቷ ይመርራል።

፬ኛ፤ የአውድማ ጥራጊ ወደ ማሳ እንዳይበተን፤ በፍግ ክምር ውስጥ እንዲበሰብስ ማስተማር።

፭ኛ፤ በየወረዳው አንድ ማሳ መርጦ ከፊሉን ታርሞና ዳብሮ፤ ከፊሉን እንዳለ ትቶ ማሳየት። ገበሬ በጆሮው ከሰማው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል፤ ይህም ልማድ ከጥንት የመጣ ጥበቡ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ለማጠቃለል፤ ዘሩን ማንጻት፤ ቀድሞ ማረስ፤ ፍጉን ከምድጃ አድኖ ወደ ማሳ መመለስ፤ አርሞ ከዚያ በኋላ ማዳበር፤ ዘር ሳይረግፍ ማጨድ፤ እነዚህ አምስቱ አንዱ ከሌላው የሚለዩ አይደሉም። ከእነርሱ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ይደክማሉ። ሁሉ በየጊዜው ከተፈጸመ ግን በመጋቢት ወር የሚታየው ከብት በመስከረም ከታየው የሚያንስ አይሆንም፤ በሬው በሰኔ ቀንበሩን ይሸከማል፤ ሕፃናትም በበጋ ወተት አያጡም።